የአርባ ቀን ወንበር

እናቴ ዜግነት ወስዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጥበት ዓመት ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ፈንዲሻው አልቆ ሳህኑ ሥር ጨውና ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። የድምፅ መስጫውን ናሙና ከኢንተርኔት አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። የላይኞቹን ስሞች ታውቃቸዋለች፤ ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት ሲጠራቸው ስለሚውል እንደ ጎረቤት ለምዳቸዋለች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደና አንድ ስም ላይ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የስቴቱ ምክር ቤት እንደራሴ ነው እማዬ፤ የኛ ሰፈር።»

«ምልክቱስ?»

ሳቄ መጣ። ግን ምን ያስቃል? እናቴ የምታውቀው ምርጫ ንብና ሁለት ጣት ነው። ሰውየውን ባታውቀው ምልክቱን ታውቃለች፤ ምልክቱን ስታውቅ ደግሞ ከጀርባው ማን እንዳለ ማንም አያስረዳትም። እዚህ ያለው ስም ብቻ ነው፣ ከስሙ ጎን የፓርቲው ስም፣ በቃ።

«ምን ይሠራልናል?» አለችኝ ቀጥላ።

እዚህ ላይ ነው ዝም ያልኩት። ዝምታዬ ያሳፈረኝ ባለማወቄ ብቻ አይደለም። አትላንታ መሀል፣ የስቴቱ ምክር ቤት ከሚሰበሰብበት ከጆርጂያ ካፒቶል ሁለት መንገድ ማዶ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያንን በወርቅ የተለበጠ ጉልላት፣ በፈረንጆቹ 1958 ወርቁ ዳሎኔጋ ከምትባለው የተራራ ከተማ በሠረገላ ተጭኖ መጣ የሚባልለትን፣ በመስታወት እያየሁ ምሳዬን በልቻለሁ። ጉልላቱ ሥር የሚቀመጡትን ሰዎች ግን የማውቃቸው በመኪናቸው ነው። ጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ላይ ይመጣሉ፣ ፓርኪንጉ ይጠብባል። ማርች አልቆ ኤፕሪል ሲገባ ይሄዳሉ፣ ፓርኪንጉ ይላቀቃል። ለኔ ሕግ አውጪ ማለት ወቅት ነበር፤ እንደ ክረምት።

ለእናቴ ያልመለስኩላትን ነገር ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ለምክር ቤቱ በዓመት የሰጠው 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ታችኛው ቤት 180 ሰው አለው፣ ሴኔቱ 56። አንዱ እንደራሴ ወደ 60 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ ይቆማል። ደመወዙ ለብዙ ዓመታት 17 ሺህ ዶላር ገደማ ስለነበር በሱ የሚኖር የለም፤ ጠበቃው፣ ገበሬው፣ ኢንሹራንስ ሻጩ፣ የቀብር አስፈጻሚው ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣው። 28ኛውን ቀን ክሮስኦቨር ይሉታል፤ እስከዚያ ዕለት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ ለዚያ ዓመት ሞተ ማለት ነው። 40ኛው ቀን ደግሞ ሳይኒ ዳይ ይባላል። ያን ዕለት እስከ እኩለ ሌሊት ይጨቃጨቁና መዶሻው ሲመታ የተቀደደ ወረቀት ወደ ጣሪያው ይበትናሉ። መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ኮታቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት አይቻለሁ። ሠርግ ቤት የዋሉ ይመስላሉ።

እኛ የአንድ ሰው ዕጣ ሲገርመን «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። የዚህ ስቴት የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የእስር ቤቱ ዕጣ በየዓመቱ በነዚያ አርባ ቀናት እንደሚጻፍ የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጡረተኛ ደንበኛ ነበሩ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በወር አንዴ ለሐኪም ቀጠሮ የሚመጡ። ቲኬታቸውን ከኮፍያቸው ጥለት ሥር ነበር የሚሰኩት። አንድ ጃንዋሪ ቦታ ሞልቶብኝ ይቅርታ ስጠይቃቸው ወደ ጉልላቱ በአገጫቸው እያመለከቱ «እኔ ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ መርጬ ነው አንዴ ያስገቡልኝ» አሉኝ። ከኋላቸው መኪና ይነፋ ነበር። «ማን ነው?» ስላቸው «ጁሊያን ቦንድ» ብለውኝ ነዱ።

ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የዶክተር ኪንግን ቤተ ክርስቲያን ጎብኝቻለሁ፣ የጆን ሉዊስን ቀብር በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ቦንድ ግን አዲስ ነበር። ያን ሌሊት በስልኬ ፈልጌ ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ፎቶ ነው፤ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ፎቶው የተነሣው ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 ነው (ቀኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። አዳዲሶቹ እንደራሴዎች ቆመው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። መሀላቸው አንድ ቀጭን ልጅ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጉድ እኮ ነው፤ ወንበር የተከለከለው እሱ ተቀምጧል፣ ወንበር የተፈቀደላቸው ሁሉ ቆመዋል። (አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ሲሞት 75 ዓመቱ ነው። ግን ይሄን ፎቶ ካየሁ በኋላ አፌ አልታዘዝ አለኝ። የ25 ዓመት ልጅ ነው።)

እዚያ ወንበር ላይ እንዴት ደረሰ? ቦንድ የድሃ ልጅ አይደለም። አያቱ በባርነት የተወለዱ ናቸው፤ አባቱ ግን ሆራስ ማን ቦንድ፣ በፔንስልቬንያ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቤታቸው የምሁር ቤት ነው፤ እንደ ዱ ቦይስ ያሉ ስመ ጥር ጥቁር ምሁራን የሚገቡበት የሚወጡበት። አትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ሲማር ዶክተር ኪንግ ፍልስፍና አስተምረውታል። በ1960 ጥቁር ተማሪዎች ነጭ ብቻ የሚስተናገድበት ምግብ ቤት ገብተው መቀመጥ ሲጀምሩ እሱም የከተማው አዳራሽ ካፊቴሪያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታሰረ። ስኒክ ብለው የሚጠሩት የተማሪዎች ድርጅት ሲመሠረት የሕዝብ ግንኙነቱን ሥራ ያዘ፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። መግለጫ የሚጽፍ፣ ጋዜጠኛ የሚያነጋግር፣ ከመድረክ ይልቅ ከጽሕፈት መኪናው ጋር የሚውል ሰው ነበር።

ከዚያ ፍርድ ቤት በሩን ከፈተ። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጆርጂያ ምክር ቤት የተቀለሰው ገጠሩ ከተማውን እንዲገዛ ሆኖ ነው፤ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ያላቸው ሦስት ትናንሽ ካውንቲዎች ተደምረው በታችኛው ቤት ከአትላንታው ካውንቲ ጋር እኩል ወንበር ነበራቸው። ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይሄ አይሆንም ሲሉ የምርጫ ክልሎቹ እንደገና ተካለሉ፤ በ1965 አትላንታ አዳዲስ ወንበሮች አገኘች። አንዱ 136ኛው ክልል ነው።

ቦንድ በየበሩ ዞረ። የሚያንኳኳው «እኔን ምረጡ» ሊል ብቻ አልነበረም፤ «ምን እንድሠራላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለእናቴ ጥያቄ መልሱን ከመራጩ አፍ የሚለቅም ተወዳዳሪ ማለት ነው። ሥራ አሉት፣ ደመወዝ አሉት። በሰዓት ቢያንስ 2 ዶላር ይከፈል የሚል ሐሳብ ይዞ 82 በመቶ ድምፅ አገኘ። በዚያ ምርጫ ስምንት ጥቁሮች ለታችኛው ቤት አሸነፉ። ከነሱ አንዷ ግሬስ ታውንስ ሃሚልተን በጆርጂያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ስምንት ተመርጠው ሰባት ናቸው የማሉት።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1966 አላባማ ውስጥ ሳሚ ያንግ የሚባል የስኒክ ተማሪ፣ ባሕር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ልጅ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የነጮችን መጸዳጃ ልጠቀም ብሎ ተገደለ። በሦስተኛው ቀን ድርጅቱ የቬትናምን ጦርነት የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ፤ ለጦርነቱ ከመዝመት እቤት ሆኖ ለዴሞክራሲ መሥራትን ለሚመርጡ ድጋፉን ሰጠ። ቦንድ መግለጫውን አልጻፈውም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ «ትስማማበታለህ?» አለው። «አዎ» አለ።

እኔ ብሆንስ እላለሁ። ምክር ቤት ልገባ አራት ቀን ቀርቶኛል። የማያውቀኝ ሰው ይደውላል። «መግለጫውን ገና አላየሁትም፣ መልሼ ልደውልልህ» ማለት ምን ይከብዳል? እኛ ቤት ይሄ ጥበብ ይባላል። አባቴ በቀበሌ ስብሰባ ሁሌ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው፤ እጅ ሲነሣ ያነሣል፣ ሲወርድ ያወርዳል። በዚህም ሰባት ልጅ አሳድጓል። ስለዚህ የቦንድን «አዎ» ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት አይደለም፤ «አይ ልጅነት» ነው ያልኩት።

ሰኞ ዕለት 75 አባላት ፈርመው ተቃውሞ አቀረቡ። ጸሐፊው ጉዳዩ እስኪታይ ቃለ መሐላ አላስፈጽምህም አለው። የስልክ ቃለ ምልልሱ የተቀዳበት ቴፕ ተከፍቶ የገዛ ድምፁ ተሰማ። የጦር ጥሪ ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ወጣቶች ተጠይቆ የራሱን እንደማያቃጥል፣ የሚመጣባቸውን እያወቁ ለሚያደርጉት ሰዎች ድፍረት ግን አክብሮት እንዳለው ተናገረ። ማታውን ድምፅ ተሰጠ። 184 ለ12። የአገሪቱን ሕገ መንግሥት እደግፋለሁ ብለህ ከልብህ ልትምል አትችልም ነው ነገሩ። እኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን፤ እሱ ግን ሳይሾም ተሻረ።

ያ ቤት ይሄን ሲያደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ ጥቁሮች ተመርጠው ሲገቡ ነጮቹ አባላት «የመምረጥ እንጂ የመመረጥ መብት የላችሁም» ብለው በድምፅ አስወጥተዋቸዋል። ሄንሪ ማክኒል ተርነር የሚባል ቄስ በዚያ ቀን ተነሥቶ መብቱን ለመለመን እንደማያጎነብስ ነግሯቸው ወጣ። በ1870 ፌዴራል መንግሥት አስገድዶ አስመለሳቸው። የነዚያ የተባረሩት መታሰቢያ ዛሬ ካፒቶሉ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ወጥቼ ባቡር ልይዝ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ጽሑፉን ግን ቆሜ አላነበብኩትም ነበር።

ዶክተር ኪንግ ሰልፍ ይዘው ወደ ካፒቶሉ መጡ። ይሄን ሁሉም መጽሐፍ ይጽፈዋል። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው፤ ኪንግ በክሱ ላይ ስማቸውን ከቦንድ ጋር ያስገቡት እንደ ታላቅ መሪ ሳይሆን እንደ መራጭ ነው። ቤታቸው 136ኛው ክልል ውስጥ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው ሰውዬ ፍርድ ቤት ቀርበው ያሉት በአጭሩ «የኔ ተወካይ ይግባልኝ» ነው። ፓርኪንግ ቤቴ ውስጥ ኮፍያቸው ላይ ቲኬት ሰክተው የሚገቡት ሽማግሌ ከሳቸው እኩል ከሳሽ ሊሆኑ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱበት። በዚህ መሀል የስቴቱ ገዥ ባዶ የቀረውን ወንበር ለመሙላት የማሟያ ምርጫ ጠሩ። ፌብሩዋሪ ላይ ማን አሸነፈ? ቦንድ፤ ያውም በሰፊ ድምፅ። አሁንም አንቀበልም አሉት። ኖቬምበር ላይ መደበኛ ምርጫ መጣ፤ አሁንም ቦንድ። ሽማግሌው «ሦስት ጊዜ» ያሉት ይሄንን ነው። ሕዝቡ አንዱን ስም ይልካል፣ ቤቱ ይመልሳል፤ ይልካል፣ ይመልሳል። በዚያ ዓመት 136ኛው ክልል ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹን ወደ ቬትናም ይልካል፣ ምክር ቤት ውስጥ ግን አፍ የለውም።

ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ናቸው። ጆርጂያ አንድ ተራ ዜጋ ይሄን ቢናገር አይጠየቅም፣ ሕግ አውጪ ግን ከፍ ባለ መለኪያ ነው የሚለካው ብላ ተከራክራ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ገለበጠው፤ ሕግ አውጪማ ይናገር፣ መራጩ ምን እንደሚያስብ እንዲያውቅ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ አቋሙን የመግለጽ ግዴታ አለበት አለ። ይሄን ሳነብ የአባቴ የኋላ ወንበር ትዝ አለኝ። ዝም ያለ ተወካይ ራሱን ያተርፍ ይሆናል፤ የላኩት ሰዎች ግን ማንን እንደላኩ ሳያውቁ ይቀራሉ። ጥበብ ያልኩት ነገር ለተራ ሰው ነው እንጂ ለወንበር አይሆንም። «አይ ልጅነት» ያልኩትን እዚህ ላይ መለስኩ።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1967 ቦንድ ማለ፤ ያልተከፈለው ደመወዝም ተከፈለው። በማግስቱ ምን ሆነ? በገዥነት ምርጫው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ስላልነበረ ገዥውን የመምረጥ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ወድቆ ነበር፤ ቤቱም ሌስተር ማዶክስን መረጠ። ማዶክስ ፒክሪክ የሚባል ምግብ ቤት ነበረው፤ ጥቁሮችን አላስተናግድም ብሎ በመጥረቢያ እጀታ የሚታወቅ ሰው ነው። የቦንድን ንግግር ያልቻለ ቤት የመጥረቢያ እጀታን ቻለ። ልክ በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 10።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይወዱታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው።

ቦንድ ምክር ቤት ውስጥ 20 ዓመት ቆየ፤ እስከ 1975 በታችኛው ቤት፣ ከዚያ እስከ 1987 በሴኔት። ሃያ ዓመት ብዙ ነው። በ1968 ቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ የገዥውን ልዑካን የሚገዳደር ቡድን ይዞ ሄዶ የጆርጂያን ግማሽ ወንበር አስከፈለ። እዚያው ስሙ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠራ፤ በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ለዚያ ቦታ የተጠቆመ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሕጉ 35 ዓመት ይላል፣ እሱ 28 ነበር፤ ስሜን አውጡልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ አገር አወቀው። በየዩኒቨርሲቲው ይጋበዛል፣ በ1977 በቅዳሜ ሌሊቱ የቴሌቪዥን አስቂኝ ዝግጅት ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ቀረበ፣ ሳዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባለው የመብት ተሟጋች የሕግ ማዕከል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነ።

ካፒቶሉ ውስጥስ? መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቹ ፊት ነሱት። ኋላ ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ የሚመረምር ፕሮግራም አስጸደቀ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በትንሽ ወለድ የቤት ብድር የሚሰጥበትን ሥርዓት ገፋ፣ የጥቁር አባላትን ስብስብ ካደራጁት አንዱ ሆነ። ተቺዎቹ ግን ከጆርጂያ ይልቅ አውሮፕላን ላይ ነው የሚገኘው ይሉት ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቺዎቹ የፈጠሩት አይመስለኝም። ምክር ቤት እንደ ጓዳ ነው። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ሊጡ የሚቦካው፣ ጭሱ ዓይን የሚያስለቅሰው እዚያ ነው፤ እንግዳ አያይህም። ቦንድ ለሳሎን የተፈጠረ ሰው ነበር፤ ያማረ አነጋገር፣ ያማረ መልክ፣ ቀልድ። እንዲህ ያለ ሰው በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ስለ መንገድ ጥገና በጀት አራት ሰዓት ሲቀመጥ አይታየኝም። ያስገቡት ዘንድ ሦስት ጊዜ የመረጡት ሰዎች ለሳሎን ነው ለጓዳ የፈለጉት? ለሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለሽማግሌው ይሄን ጥያቄ ሳላቀርብ ሥራ ቀየርኩ።

አንድ ጊዜ ግን ጓዳ ገብቶ እጅጌውን ሰብስቧል፤ ይሄንን ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያስከፈለው እሱ ነው።

ከ1980 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚመረጥባቸው ክልሎች እንደገና ሊካለሉ ነው። ይሄን ሥራ የሚሠራው የስቴቱ ምክር ቤት ነው፤ ካርታ ዘርግቶ፣ ይሄ ሰፈር ወዲህ፣ ያ ሰፈር ወዲያ እያለ። የአትላንታው 5ኛ ክልል ተወካይ ነጭ ነበሩ። ሴኔተር ቦንድ 69 በመቶው ጥቁር የሚሆንበት ካርታ አቀረበ። ከማን ጋር ገጠመ መሰላችሁ? ከሪፐብሊካኖቹ ጋር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥቁር መራጮች አንድ ክልል ውስጥ ሲሰበሰቡ በዙሪያው ያሉት የከተማ ዳር ክልሎች ነጭ እየሆኑ፣ ለሪፐብሊካን እየቀኑ ይሄዳሉ። ሁለቱም ያተርፋሉ፣ የሚከስረው ነጩ ዴሞክራት ነው። በዚያ ስሌት የተገኘው ትርፍ ኋላ ለማን እንዳደላ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ዓይን ላይ የነበረው ነገር ይገባኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ «ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል» የተባለ ሰው ከመንገድ ያገኘውን ጋሪ ነው የሚሳፈረው።

ሴኔቱ ተቀበለው፣ ታችኛው ቤት ቆረጠው፤ 57 በመቶ ላይ ተስማሙ። 57 ሲባል አብላጫ ይመስላል። ነገር ግን የተመዘገበውንና የሚወጣውን ስትቆጥር ድምፁ ወደ ነጮቹ ይመለሳል፤ ካርታ ሠሪዎቹም ይሄን አያጡትም። ጉዳዩ በምርጫ መብት ሕጉ መሠረት ዋሽንግተን ሄደ። በ1982 ፍርድ ቤቱ ካርታውን ጣለው፤ የታችኛውን ቤት የማካለል ኮሚቴ ሰብሳቢም ያለምንም ማሳመር ዘረኛ ነው ብሎ በውሳኔው ላይ ጻፈ። ዳኛ እንዲህ ሲጽፍ ብዙ አያጋጥምም። ምክር ቤቱ ተመልሶ ተሰበሰበና 65 በመቶ አደረገው።

ክልሉ ተሠራ። ነባሩ ተወካይ ለጊዜው አሸንፈው ቆዩ፤ በ1986 ለሴኔት ልወዳደር ብለው ወንበሩን ለቀቁ። ቦንድ ራሱ ያስካለለውን ክልል ሊወስድ ተነሣ። ሁሉም ቀለበቱን ያሰረለት ሙሽራ ነበር። የገጠመው ግን የቅርብ ወዳጁ ጆን ሉዊስ ሆነ፤ አብረው ስኒክ ውስጥ የነበሩ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቤት ለቤት የሚጠያየቁ። ሉዊስ የአላባማ ገበሬ ልጅ ነው፣ ሲናገር ምላሱ የሚከብድ፣ ለመምረጥ መብት ሲሰለፍ በሴልማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ጭንቅላቱ የተፈነከተ፣ ያን ጊዜ የከተማ ምክር ቤት አባል የሆነ። ማለዳ ተነሥቶ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ እጅ ይጨብጣል፤ ሌሊትም እዚያው ነው።

በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47፣ ሉዊስ 35 በመቶ አገኙ። 50 የሞላ ስለሌለ መለያ ዙር መጣ። በክርክሩ ላይ ሉዊስ ወዳጁን ፊት ለፊት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እናድርግ አለው። ቦንድ እምቢ አለ፤ በመርሕ ነው ብሎ። ቦታው የመርሕ ቦታ አልነበረም። ሴፕቴምበር 2 ቀን ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። ከጥቁር መራጮች አብዛኛው የመረጠው ቦንድን ነው፤ ሚዛኑን የደፉት ነጮቹ ናቸው። ከ69 ወደ 65 የተሸራረፈችው አራት በመቶ በዚያች ሌሊት ቦንድ ራስ ውስጥ ሳትመላለስ ቀረች ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

ሉዊስ በዚያ ወንበር እስከ 2020 ሞቱ ድረስ ተቀመጠ። ቦንድ ለሹመት አልተወዳደረም፤ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ የጥቁሮችን አንጋፋ ማኅበር ኤንዳብልኤሲፒን ከ1998 እስከ 2010 በሊቀ መንበርነት መራ፣ በ2015 ኦገስት ላይ አረፈ። ሁለቱ ወዳጅነታቸው ለብዙ ጊዜ ተቀዛቅዞ ነበር።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ በቁርጥራጭ ነገርኳት፣ እንጀራ ስታወጣ፣ ሚጥሚጣ ስትነፋ። ከሁሉ የያዘችው የወንበሩን ነገር ነው። «ሰዎቹ ግን አልሰለቻቸውም?» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ!»

«አልሰለቻቸውም።»

«ስም የሌለው ምልክት ስንመርጥ ኖርን እኮ እኛ።»

ከዚያ ናሙናውን አምጣ አለችኝ። ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጥፌው ነበር። ያንን ስም እንደገና አየችው። ቤታችን ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ታውቁት ይሆናል፤ አራት መስመር ነው፣ የእግረኛ ማቋረጫው ሩቅ ነው። አውቶቡሷን ለመያዝ በእሁድ ነጠላዋ እየሮጠች ነው የምታቋርጠው። ካውንቲው ደውዬለት «የስቴት መንገድ ነው፣ አንነካውም» ብሎኛል። እንግዲህ የስቴት ከሆነ የዚህ ሰውዬ ነው።

ደወልኩ። እዚያ አንዲት ጸሐፊ ለብዙ እንደራሴዎች ትሠራለች፤ ትሑት ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ግን ችኩል ነው። የመንገዱን ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። ጉዳዩ ከጃንዋሪ በኋላ እንደሚታይ ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።

እናቴ በረካውን ቀድታ ስትጠብቀኝ ነበር።

«ስም ነገርካት?»

«አዎ፣ የመንገዱን ቁጥርም ጽፋዋለች።»

«የመንገዱን አላልኩህም» አለች ስኒውን እያቀበለችኝ። «የኔን ነው የምልህ።»

ሰኞ መልሼ ደወልኩና የእናቴን ስም ፊደል በፊደል አስጻፍኩ።